ለሰሜን ሸዋ ሜዳና ገደል የትኛው ጠቋሚ ውሻ ይሻላል?

በእኛ አገር ፉከራ ለአንበሳ፣ ለዝሆንና ለጎሽ ነው። ቆቅ ገደልኩ ብሎ የፎከረ ሰው የሚያተርፈው ሳቅ ብቻ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ወፍ አዳኝ ጉራውን ሁሉ በውሻው ላይ የጫነው። "የኔዋ ከዚህ እስከዚያ ባሕር ዛፍ ድረስ ሸትታ ቆመችልህ!" ይላል አንዱ። "እሱማ ምን ይገርማል፣ የኔው እኮ..." ብሎ ሌላው ይቀበላል። ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ውሻ ወዳዶች ቡና ይዘው ከተቀመጡ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ወሬው ግን አይቀዘቅዝም።

አልፈርድባቸውም። የጅሩ ገበሬ በሰንጋው ይኮራ የለ? እኔም ከነዚሁ ጉረኞች አንዱ ነኝ። ችግሩ የሚመጣው ውሻ ለመግዛት ስንነሳ ነው። ያን ጊዜም የምናዳምጠው ጉራውን ነው። አንዱ የጀርመኑን አሞገሰ ብለን የጀርመኑን እንፈልጋለን። ሌላው ሴተር የምትባል ባለረጅም ፀጉር ቀይ ውሻ ፎቶ አሳየን ብለን በፀጉሯ እንማረካለን። መሬቱን፣ ወፉንና ቤታችንን የጠየቀ የለም። እኔ ከዚያ ነው የምጀምረው፤ ዘሩ ኋላ ይደርሳል።

ጠቋሚ ስንል

"ጠቋሚ" ሲባል የድሮው የቀበሌ ጠቋሚ ትዝ የሚለው አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ይህኛው ማንንም አያሳብቅም። ነፋሱን ከፊት እየተቀበለ ሜዳውን ግራና ቀኝ ያስሳል። የወፍ ጠረን አፍንጫው ውስጥ ሲገባ ባለበት ድርቅ ይላል። አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ጭራውን ወጥሮ፣ አፍንጫውን ወፏ ወዳለችበት ቀስሮ ይቆማል። አይጮህም፣ አይዘልም። ሰውየው ደርሶ ወፏን እስኪያስነሳት ይጠብቃል።

ድመት አይጥ ላይ ከመዝለሏ በፊት ለአፍታ ቀጥ ስትል አይታችኋል? ጠቋሚ ውሻ ያቺው አፍታ ናት። ሰው ብዙ ትውልድ እየመረጠና እያዳቀለ አስረዘማት።

ከዚህ ሌላ አስነሺ ውሻም አለ። ስፓኒየል የሚባሉት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ጠረኑ ሲመጣላቸው አይቆሙም፤ ቀጥ ብለው ገብተው ወፏን ቡር ያደርጓታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከባለቤታቸው አጠገብ መሥራት አለባቸው። ሃምሳና መቶ ሜትር ርቀው ቢያስነሱ ማንም ምንም አያይም። ጠቋሚው ግን ቢርቅም ቆሞ ይጠብቃል። በሰፊ ሜዳ ላይ ጠቋሚ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሌላም የሚያኮራ ነገር አለ። ሁለት ጠቋሚዎች አብረው ሲወጡ አንደኛው ወፍ አግኝቶ ይቆማል። ሁለተኛው ምንም አልሸተተውም። ግን ጓደኛው መቆሙን አይቶ እሱም ከኋላ ቀጥ ይላል። አልፎት ሄዶ ወፏን አይነጥቀውም። ፈረንጆቹ አዳኞች ይህን ክብር መስጠት ይሉታል። እኔ ይህን ከውሻ አይቻለሁ፤ ቡና ጠረጴዛው ላይ ግን እስካሁን አላየሁም።

ከውሻው በፊት ፈቃዱ

ውሻ ይዞ መራመድና አደን ሁለት ነገር ናቸው። የዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ወፍም የዱር እንስሳ ነው። መሣሪያውም የራሱ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 1177/2012። በዚያ ላይ የዛሬው ጊዜ መሣሪያ አንግቶ ገደል ለገደል ለመዋል የሚመች አይደለም። እኔ ጠመንጃ ይዤ መውጣት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ፊሽካና ውኃ ይዤ እወጣለሁ። ውሻው ይቆማል፣ እኔ እደርሳለሁ፣ ወፏ ትነሳለች፣ ሁላችንም ወደ ቤታችን። ደስታው ከመቆሙ ላይ ስለሆነ የጎደለብኝ ነገር የለም። ምክሬም ለሁለቱም ይሆናል፤ ፈቃድ ላለው አዳኝም፣ እንደኔ ባዶ እጁን ለሚወጣም።

ጓሳን ግን እርሱት። የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው፤ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ሰዉ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው አገር ነው። ቀይ ቀበሮ ያለበት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በሙሉ 500 አይሞሉም፣ ያሉትም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከትልልቅ ጠላቶቻቸው አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሳው ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። የእናንተ ውሻ ምንም ጨዋ ቢሆን፣ ቢከተብም፣ እዚያ ሥራ የለውም።

መሬቱና ወፉ

ሰሜን ሸዋ አንድ አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይመታታል። ከዚያ በጣርማበር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ናችሁ፣ ሸሚዝ ብቻ ለብሳችሁ ያልባችኋል። በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ሁለቱን በአንድ ውሻ መሸፈን የሚፈልግ ሰው ካለ ምርጫው ከአሁኑ ይጠባል።

ደጋው ሜዳ፣ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ እስከ እነዋሪ፣ የገብስ፣ የባቄላና የስንዴ አገር ነው። አዝመራው ከተነሳ በኋላ በገለባውና በሣሩ ውስጥ ድርጭት ታገኛላችሁ። ድርጭት ለጠቋሚ ውሻ የተፈጠረች ናት ማለት ይቻላል። አደጋ ሲመጣ ተለጥፋ ትቀመጣለች። ውሻው ይቆማል፣ እሷም ትቆያለች። ጀማሪ ውሻ በእሷ ቢማር ይሻላል።

ቆቅ ግን ሌላ ናት። "እንደ ቆቅ የነቃ" የምንለው በከንቱ አይደለም። በአንኮበር፣ በደብረ ሲናና በጣርማበር ቁልቁለት ላይ ያለችው ትልቋ ቆቅ ተለጥፋ አትቀመጥም፣ ትሮጣለች። ውሻው ቆሞ እኔ እስክደርስ እሷ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሽቅብ ወጥታ ሌላ ሰፈር ሆናለች። ውሻው እየቆመ፣ እንደገና ቀስ ብሎ እየተከተለ፣ እንደገና እየቆመ መሄድ መቻል አለበት። ይህን የማያውቅ ውሻ ባዶ ቦታ ላይ ሐውልት ሆኖ ይቀራል፣ ባለቤቱም ያፍራል። እኔ እንዳየሁት ወፏ መጨረሻ ላይ ስትነሳ ደግሞ ቁልቁል ወደ ገደሉ ነው የምትበረው። ውሻው ተከትሎ እንዳይዘል ሲጠሩት የሚመለስ መሆን አለበት። የእኛ ገደል ይቅርታ አያውቅም።

ወደ ጀማ ሸለቆና ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ጅግራ አለ። በመንጋ ይሄዳል፣ እሱም ሯጭ ነው። ሙቀቱ ደግሞ የውሻ አፍንጫ ያደርቃል። ጀማ ላይ ሌላም መጠንቀቂያ አለ። በዚያ ሸለቆና በአባይ ተፋሰስ አካባቢ ብቻ የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌለ የቆቅ ዓይነት በወንዝ ዳር ደንገልና ቁጥቋጦ ውስጥ ይገኛል። እሱን መተው ነው።

በሁሉም ቦታ ግን ማለዳ ከከሰዓት ይሻላል። ጤዛ ያለበት ሣር ጠረን ይይዛል። በጥር ወር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደረቅ ገለባ ውስጥ ያስገባችሁት ውሻ ምንም አልሸተተኝም ቢል አትቆጡት።

እና በግ! ከወፉ ይልቅ ይህ ነው ከባዱ። መንዝም ሞረትም የምትሄዱበት ሜዳ ሁሉ በግ አለበት። ውሻችሁ አንድ ጊዜ በግ ካሯሯጠ እረኛው ብቻ ሳይሆን ቀበሌው ሁሉ ያውቃችኋል። ከዚያ በኋላ የካሣ ወሬ እንጂ የቆቅ ወሬ የለም። ዘር ስትመርጡ "ሲጠሩት ይመለሳል ወይ?" የሚለውን ከ"ስንት ሜትር ይሸታል?" በፊት ጠይቁ።

አሁን ወደ ዘሮቹ

የእንግሊዙ ፖይንተር ስሙም ሥራውም መጠቆም ነው። አጭር ፀጉር፣ ቀጭን ወገብ፣ ነጭ ላይ ቡናማ፣ ብርቱካንማ ወይም ጥቁር ጣል ጣል ያለበት። ክብደቱ ከ20 እስከ 34 ኪሎ። ሲሮጥ ማየት ብቻውን ይበቃል። በ1877 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኒው ዮርኩ ዌስትሚንስተር የውሻ ክበብ አርማው ዛሬም ፖይንተር ነው፤ ሴንሴሽን የሚባል ውሻ። ለእነዋሪና ለጅሩ ሜዳ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። ሰፊውን መሬት በጥቂት ጊዜ ያስሰዋል። ግን ርቆ ነው የሚሠራው። ጣርማበር ላይ ከለቀቃችሁት ጉም ውስጥ ይገባና ቀኑን ሙሉ ስትጣሩ ትውላላችሁ። ፀጉሩም ለደጋ ብርድ ስስ ነው። ቆሞ ሲጠብቅ ይንቀጠቀጣል፤ ከደስታ ነው ከብርድ መለየት ያቅታል።

የጀርመኑ አጭር ፀጉር ጠቋሚ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነው። ጀርመኖች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲያዳቅሉት አንድ ውሻ ሁሉን እንዲሠራ ፈልገው ነው። ይጠቁማል፣ የተመታውን አንስቶ ያመጣል፣ ደም ይከተላል፣ ውኃ ይገባል። ክብደቱ ከፖይንተሩ ብዙም አይለይም። የሚሮጠውን ቆቅ ከብዙዎቹ የተሻለ ይከተላል፣ ርቀቱንም እንደ ባለቤቱ ያስተካክላል። አንድ ውሻ ብቻ የምታሳድጉ፣ ሜዳም ገደልም የምትሄዱ ከሆነ ይህ ነው።

ግን እወቁት። ይህ ውሻ ሞተር ነው። በቀን አንድ ሰዓት በደንብ ካልሮጠ ጫማችሁን፣ የሶፋውን ጥግ፣ ከዚያ የአጥሩን ሽቦ ይያያዘዋል። ሱቅ ውላችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ ይቅርባችሁ። ደግሞ ቆቅና ሽኮኮ ለእሱ አንድ ናቸው። ጭላዳ ካየ ያብዳል። ደብረ ሲና አፋፍ ላይ ያለ ገመድ የለቀቀው ወዳጄ ውሻውን ያገኘው በማግስቱ ነው፣ እግሩ ተላልጦ።

የጀርመኑ ሽቦ ፀጉር ታናሽ ወንድሙ በሉት። ሥራው ያው ነው፤ ልዩነቱ ቆዳው ላይ ነው። ፀጉሩ ሻካራ፣ ከሥር ደግሞ ለብርድ የሚሆን ለስላሳ ሽፋን አለው። ፂምም አለው፣ አዛውንት ይመስላል። ለቀጋው፣ ለአጋሙና ለኮሽሙ ከዚህ የተሻለ ካፖርት የለም። ጠባዩ ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ከሌላ ውሻ ጋር መጣላት የሚወድ አለ። አገራችን ውስጥ ማግኘት ግን ከባድ ነው።

ሴተሮች ላይ ስደርስ ልቤ ይላላል፣ እውነቱን ልናገር። ስማቸው የመጣው ጠመንጃ ሳይለመድ በፊት ነው። ውሻው ወፍ ሲያገኝ ሆዱን መሬት ላይ አጣብቆ ይተኛል፣ አዳኞቹ መረቡን ከላይ ይጥሉታል። መቆም ሳይሆን መተኛት ነበር ሥራቸው። ዛሬም ሴተር ሲጠቁም ዝቅ የማለት ነገር አለው። እንግሊዙ ነጭ ላይ ነጠብጣብ ነው፣ አየርላንዱ ቀይ፣ የስኮትላንዱ ጎርደን ደግሞ ጥቁር ላይ ቡናማ። ጎርደን ከሌሎቹ ቀርፋፋና ቅርብ ሠራተኛ ነው፤ ለገደል አገር ከሦስቱ እሱን እመርጣለሁ። ለደብረ ብርሃን ብርድ ሦስቱም ባና ለብሰው ነው የተወለዱት።

ታዲያ ለምን ሁላችንም ሴተር አናሳድግም? ጭጎጎት! ከጥቅምት በኋላ ሴተር ይዛችሁ አንድ ጠዋት ብትወጡ ማታ ሁለት ሰዓት ማበጠሪያ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። ጆሮው ሥር፣ ብብቱ ውስጥ፣ ጭራው ላይ፣ በጣቶቹ መሃል። ካልነቀላችሁት ፀጉሩ ይቋጠራል፣ ሥሩ ይቆስላል። ስለታም የሣር ፍሬ ደግሞ ጆሮ ውስጥ ከገባ ሐኪም ያስፈልጋል። ለዚህ ትዕግሥት ያለው ሰው ይውሰዳት። የሌለው ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ይስቀል።

አሁን የኔ ምርጫ። ብሪታኒ። ከፈረንሳይ ብሪታኒ የመጣ ትንሽ ጠቋሚ ነው፣ ከ14 እስከ 18 ኪሎ። ብዙዎቹ ሲወለዱም ጭራቸው አጭር ነው፣ ወይም ጨርሶ የላቸውም። ቡና ጠረጴዛው ላይ ማንም አይፎክርበትም፤ "ይቺ ድመት ናት?" ብለውኛል። እኔ ግን ለአንኮበርና ለደብረ ሲና ቁልቁለት ስመርጥ እንዲህ አስባለሁ። ቅርብ ይሠራል፣ ስለዚህ ጉም ውስጥ አይጠፋም። ስትጠሩት ዞር ብሎ ያያችኋል። ፀጉሩ መካከለኛ ነው፣ ብርዱን ይችላል፣ ጭጎጎቱም ከሴተር ያነሰ ነው። ገደል ላይ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ካስፈለገ ተሸክማችሁት ትወጣላችሁ፣ እኔ ተሸክሜ አውቃለሁ። የሚበላውም ከጀርመኑ ግማሽ ቢሆን ነው። ጉድለቱ ልቡ ስስ መሆኑ ነው። የጮሁበት ብሪታኒ ቀኑን ሙሉ እግር ሥር ይቀመጣል። ቁጣ የሚቀናው ሰው አይያዘው።

ቪዥላና ቫይማራነርን በአጭሩ ልለፋቸው። ሁለቱም ያምራሉ፣ አንዱ የሃንጋሪ ወርቃማ፣ ሌላው የጀርመን ግራጫ። ቪዥላ ከሥር የሚሞቅ ፀጉር የለውም፣ ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ልብስ ነው የሚኖር። ከሰው ጋር ካልተኛም ያዝናል። እናቴ ደግሞ ውሻ ደፍ አያልፍም ባይ ናት። ሸዋ ሮቢት የሚኖርና እንዲህ ያለ እናት የሌለው ሰው ያስብበት።

የእኛውስ ውሻ?

መንዝ ያለው አጎቴ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ይስቃሉ። እሳቸው ልጅ እያሉ ዝናብ ያረጠባትን ቆቅ በዱላና በውሻ ሮጠው ይይዙ እንደነበር ይተርካሉ። ውሻው ተራ የሰፈር ውሻ ነው። አይጠቁምም፣ ያሯሩጣል። ግን ብርዱን፣ ረሃቡንና ድንጋዩን ችሎ የኖረ ዘር ነው። በሽታም እንደ ፈረንጁ ቶሎ አይጥለውም። ግቢና በግ ለመጠበቅ የትኛውም ጠቋሚ አይደርስበትም፤ ብሪታኒዬ ሌባ ቢመጣ ጭራዋ ቢኖር ትቆላለት ነበር።

ሁለቱን ላዳቅል የሚል ሰው ይመጣል። ቀላል አይደለም። መጠቆም ከትውልድ ወደ ትውልድ በጥብቅ ምርጫ የተጠበቀ ጠባይ ነው፣ በግማሽ ሲከፈል አንዱ ቡችላ ይዞት ሌላው ሳይዘው ይቀራል። ስድስት ቡችላ ተወልደው አንዱ ቢቆም ዕድል ነው።

ቤት ውስጥ የሚነሳው ጉዳይ

ፈረንጆቹ ስለ ጠቋሚ ሲያወሩ የማያነሷቸው ሦስት ነገሮች እኛ ቤት አሉ።

አንዱ አፍ ነው። እነሱ ወፏን አንስቶ የሚያመጣ ውሻን ያሞግሳሉ። እኛ ቤት ግን ውሻ የነካውን ሥጋ የማይበላ ሰው ሞልቷል። ሞታ የመጣች ደግሞ በክት ናት። በስመ አብ ተብሎ ካልተባረከች አያቶቻችን ድስት አትገባም። ስለዚህ የሚያነሳ ውሻ ከያዛችሁ አፉ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ወፏን ሳይነክስ ነፍሷ ሳይወጣ የሚያደርስ። የጀርመኑ በዚህ ይሠለጥናል። ቤቱ ጨርሶ የማይቀበል ከሆነ ግን የሚጠቁም እንጂ የማያነሳ ውሻ በቂ ነው። እዚህ ላይ የእንግሊዙ ፖይንተር ጉድለት የሚባለው፣ ማንሳት አለመውደዱ፣ ለእኛ ጥቅም ይሆናል።

ሁለተኛው ምግብ። የእኛ ውሻ የወጥ ትራፊ በልቶ አደገ እንላለን። ወጥ ግን ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ፤ በየቀኑ የሚሮጥ ውሻ ደግሞ ያንን መሸከም የለበትም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ነገሩ ይብሳል። 55 ቀን ቤቱ ሽሮ ነው፣ አጥንት የለም፣ ልኳንዳው ዝግ ነው። እኔ ከቅበላ በፊት ሳንባና ጨጓራ ገዝቼ ቀቅዬ አደርቃለሁ። እንቁላልና ያለ ቅመም የተቀቀለ የገብስ ቅንጬ እጨምራለሁ። ጎረቤት "ለውሻ እንቁላል በጾም?" ይላል። ውሻው አልጾመም፣ እላለሁ። 30 ኪሎ የሚመዝን ጀርመን ለመያዝ የሚያስብ ሰው ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ይሥራ። ደረተ ጥልቅ ውሾች ሁሉ ጠግበው ወዲያው ሲሮጡ ሆዳቸው ሊነፋና ሊጠማዘዝ ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ ዋናው ምግብ ከሩጫ መልስ፣ ካረፉ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ጅብ። ነብርም እንዲሁ። ጠቋሚ ውሻ ሌሊት ውጭ አያድርም። የሰፈሩ ውሻ መሸሸጊያውን ያውቃል፣ የውጭው አያውቅም። ደጃፍ ላይ በሩ የሚዘጋ ቤት ሥሩለት፣ አሮጌ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጣሉበት። እናቴም በዚህ ተስማምታለች።

ክትባቱን አትርሱ። የእብድ ውሻ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ነው፣ ከዚያ በየዓመቱ። ከቆላ ወይም ከውጭ የመጣ ውሻ ከሆነ ደግሞ ደጋው ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አታስሩጡት፣ አየሩን ይልመደው።

ስትገዙ

እዚህ ላይ ራሴን ላጋልጥ። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ "ንጹሕ ፖይንተር" ተብሎ ነጭ ላይ ነጠብጣብ ያለበት ቡችላ ገዛሁ። ሻጩ ላባ በክር አስሮ አወዛወዘለት። ቡችላው ድርቅ ብሎ አንድ እግሩን አነሳ! ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ሳልከራከር ከፈልኩ። ቡቺ አልኩት።

ያን ጊዜ ያላወቅሁትን አሁን ልንገራችሁ። የላባ ጨዋታው ዓይንን እንጂ አፍንጫን አይፈትንም። የሁለት ወር ቡችላ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ቀጥ ቢል ጥሩ ነው፣ ግን የማይጠቁም ዘርም ለአፍታ ሊያደርገው ይችላል። የተሻለው ፈተና ይህ ነው። የወፍ ክንፍ ሣር ውስጥ ደብቁ። ቡችላውን ነፋሱ ከክንፉ ወደ እሱ በሚነፍስበት በኩል ልቀቁት። አንገቱን ቀና አድርጎ አየሩን ካሸተተና ወደዚያው ከሄደ አፍንጫ አለው። መሬት መሬቱን ብቻ እየፈተሸ ከዞረ ቆዩ። ቀጥሎ ከሩቅ ሳህን ጣሉ። ደንግጦ ቶሎ ከተመለሰ ደህና ነው፣ ጥግ ገብቶ ከቀረ ግን ለተኩስ አይሆንም። ለእኔ ቢጤ ባዶ እጅ ለሚወጣ ግድ የለም።

ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የወላጆቹን የዳሌ መገጣጠሚያ ራጅ ይጠይቅ። እንግሊዝ ሴተር ከሆነ መስማቱንም ያስመርምር፣ ደንቆሮ ሆኖ የሚወለድ አለባቸው። የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀቱና የክትባት ካርዱ ከውሻው ጋር መምጣት አለባቸው።

ከሁሉ በላይ ግን እናቲቱን ጠይቁ። ቤት ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ፣ ስትሠራ። "ዛሬ የለችም፣ ነገ" ካላችሁ ነገ ተመለሱ። ነገም ከሌለች አትመለሱ። እኔ የቡቺን እናት አላየኋትም። በስድስት ወሩ ጭራው ተጠቀለለ፣ ጆሮው ቆመ። ዛሬ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አጎቴ ጋ መንዝ ውስጥ ዶሮ ይጠብቃል። አንድም ቆቅ ጠቁሞ አያውቅም። አጎቴ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ "የአዲስ አበባ ፖይንተር ነው" ብለው ይፎክሩበታል።